ተሸናፊው የት ይደር?
የምርጫ ቅስቀሳና ውጥረት ከላስታ ተራሮች ሲታይ

ቅዳሜ ማለዳ ላሊበላ ገበያ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። ከገነተ ማርያም በኩል፣ ከአሸተን ሥር፣ ከሹምሽሃ ሜዳ፣ ገብስና ባቄላ የጫነ አህያ እየነዳ፣ ዶሮ አንጠልጥሎ፣ ሙክት እየጎተተ ይመጣል። በምርጫ ዓመት ደግሞ በዚያው መንገድ ዳር ሞንታርቦ የጫነች ፒካፕ ትቆማለች። ዘፈን ይለቀቃል፤ ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች ወረቀት ያድላሉ። ገበያተኛው ወረቀቱን ተቀብሎ ያገላብጠዋል፤ ማንበብ የማይችለውም ያገላብጠዋል። ከዚያ ቀና ብሎ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ምልክታችሁ ምንድን ነው?»

ጥያቄዋ አጭር ናት፤ የኢትዮጵያን ምርጫ ለመማር ግን ከእሷ የሚሻል መግቢያ አይገኝም። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ሥዕል የሚታተመው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ከተማረው እኩል፣ ማንንም «አንብብልኝ» ሳይል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻውን ገብቶ እንዲመርጥ ነው። ለዓመታት የገዛው ግንባር ኢሕአዴግ የተወዳደረው በንብ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተቃዋሚው ቅንጅት ደጋፊ ሁለት ጣቱን አነሣ። በ2013 ገዥው ብልጽግና ፓርቲ አምፖል ይዞ ቀረበ።

ላሊበላ በምትገኝበት በወሎዋ ላስታ ለሚኖር ሰው ንብ ተራ ሥዕል አይደለችም። እንደ ትውፊቱ ቅዱስ ላሊበላ ሲወለዱ የንብ መንጋ ከቧቸው ነበር፤ እናታቸውም ይህን አይተው «ንቦቹ ንግሥናውን ዐወቁለት» ሲሉ ላሊበላ የሚለውን ስም አወጡላቸው። እንግዲህ አንድ ፓርቲ ንብ አሳትሞ ወደ ቀድሞዋ ሮሓ፣ ወደ ዛሬዋ ላሊበላ ሲመጣ፣ አስቦበትም ሆነ ሳያስብበት፣ ስምንት መቶ ዓመት የቆየ የንግሥና ምልክት ይዞ ነው የሚገባው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በትውፊቱ ንጉሥ የሚመርጡት ንቦቹ ናቸው። በምርጫ ቀን ግን መራጩ አህያ ነጂው፣ ባለ ዶሮዋና ባለ ሙክቱ ነው። ንቧ ወረቀት ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

ይህ ጽሑፍ ስለ ምርጫ ብዙ ላልተከታተለ አንባቢ የቀረበ ነው። የፓርላማ ምርጫና ቅስቀሳ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል፤ በመቀጠልም ለምን በወጣት ዴሞክራሲ ውስጥ ቅስቀሳ ቶሎ ወደ ውጥረት እንደሚዞር ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ጥንታዊ አገር ናት፤ በቅኝ ግዛትም አልተያዘችም። በምርጫ ዕድሜ ሲቆጠር ግን ከነጻነት በኋላ ከቆሙት ከብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ታንሳለች። እ.ኤ.አ. በ1966 ነጻ የወጣችው ቦትስዋና ከዚያ ወዲህ በየጊዜው በብዙ ፓርቲ ስትመርጥ ኖራለች። እኛ ብዙ ፓርቲ ያለበትን ጠቅላላ ምርጫ የጀመርነው በ1987 ነው።

ወንበሩና ስሌቱ

የኢትዮጵያ መንግሥት ፓርላማዊ ነው። የላስታ መራጭ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ አይመርጥም። የሚመርጠው የራሱን ምርጫ ክልል ወክሎ አዲስ አበባ የሚቀመጥ እንደራሴ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች ሲኖሩት ከእነዚህ ውስጥ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። ብዙውን ወንበር የያዘ ፓርቲ ወይም ጥምረት መንግሥት ይመሠርታል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2013 የተወዳደሩት በትውልድ አካባቢያቸው በጅማ ዞን ነው። ስለዚህ ላሊበላ ላይ «ዐቢይን ምረጡ» ወይም «ዐቢይን አትምረጡ» የሚል ቀስቃሽ ነገሩን ያሳጥረዋል እንጂ ወረቀቱ ላይ የሚገኘው የሌላ ሰው ስም ነው።

በዚያው ዕለት መራጩ ሁለተኛ ወረቀት ይቀበላል፤ እሱ ባሕር ዳር ለሚቀመጠው፣ 294 መቀመጫ ላለው የክልል ምክር ቤት ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ራሱን ችሎ በሌላ ጊዜ ይካሄዳል። ብዙ ሰው እነዚህን ያቀላቅላል። የመንደሩን ቦኖ የሚያስጠግን ሰው የመረጠ መስሎት ሕግ የሚያወጣ ሰው ይመርጣል፤ ቦኖው ሳይጠገን ሲቀር ደግሞ «ምርጫ ምን ፈየደ?» ይላል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ፤ የውጥረቱ አንዱ ሥር ያለው እዚህ ነው። የኛ ሥርዓት በአንድ ምርጫ ክልል ውስጥ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል የሚል ነው፤ ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም። ለምሳሌ ያህል 20,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንደኛው ዕጩ 7,500፣ ሁለተኛው 6,800፣ ሦስተኛው 5,700 አገኙ። አንደኛው አለፈ። 12,500 ሰው ግን ሌላ ሰው ነበር የፈለገው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ብሪታንያና ሕንድም በዚሁ ይጠቀማሉ። ሆኖም ሁለተኛ የወጣው ዕጩ የሚያገኘው ቁራሽ ወንበር የለም። ሁሉ ወይም ምንም ነው። እንጀራው ሳይቆረስ ለአንድ ሰው በሚሰጥበት ማዕድ ዙሪያ የተቀመጠ ሁሉ ዓይኑን ከእንጀራው ላይ አያነሣም።

እግር የሚፈትን ቅስቀሳ

ከወልድያ ወይም ከጋሸና መንገድ ላሊበላ የገባ ዕጩ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። የላስታ መራጭ በአስፋልት ዳር ብቻ አይኖርም። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ትከሻ እስከ ተከዜ ተፋሰስ ቆላ ድረስ የተበተነ ነው። መኪና እስከሚሄድበት ይሄዳል፤ ከዚያ በበቅሎ፣ ከዚያ በእግር። ገንዘብና መኪና ያለው ፓርቲ ብዙ ቀበሌ ይደርሳል። የሌለው ሬዲዮ ላይ ይንጠለጠላል፤ ለዚህም ነው ለተወዳዳሪዎች ነፃ የአየር ሰዓት የሚደለደለው። በየቀበሌው ቢሮ፣ ስብሰባና ሠራተኛ ያለው ገዥ ፓርቲ ግን ከሁሉም ቀድሞ እዚያው ነው የሚገኘው። ሩጫው ሲጀመር አንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ቅስቀሳው ያለ ልክ አይለቀቅም። የ2013ቱ ምርጫ የተመራው በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በጦር ካምፕ መቀስቀስ ክልክል ነው። ይህች ክልከላ ላሊበላ ላይ ትከብዳለች፤ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በመሐሏ ባሉባት ከተማ፣ ሕዝብ በብዛት የሚሰበሰበውም በእነሱ ዙሪያ ሆኖ ሳለ፣ ዕጩ የሚቆምበትን ቦታ መርጦ መቆም አለበት። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያሉት አራት ቀናት ደግሞ የጥሞና ጊዜ ይባላሉ። ሞንታርቦው ዝም ይላል፤ መራጩ ከራሱ ጋር ይመክራል። ጾምንና ሱባዔን ለሚያውቅ ሕዝብ ስሙም ሐሳቡም ባዕድ አይደለም።

ዋናው ቅስቀሳ ግን ቤት ውስጥ ነው። ቀስቃሹ ይገባል፤ መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ቡና ይፈላል። ወሎ ውስጥ ቡና ጠርቶ ያልመረቀ የለም። አቦል ላይ ስለ ዝናብ፣ ቶና ላይ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ይወራል። በረካ ላይ ቀስቃሹ ጉዳዩን ያነሣል። አባወራው እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ፤ ከዚያም «እግዜር ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ፣ ከክፉ ይሰውራችሁ» ብለው ይመርቃሉ። ልጅ ቀስቃሽ ደስ ብሎት ይወጣል፤ አንድ ቤት ቆጠርኩ ይላል። በማግስቱ ተቀናቃኙ ይመጣል፤ ያው ቡና፣ ያው ምርቃት። የወሎ ሰው እንግዳ አያሳፍርም፤ ድምፁን ግን ለእንግዳ አይነግርም። ምርቃትን ከድምፅ ለይቶ የማያውቅ ፓርቲ ቆጠራው ሲጠናቀቅ «ተሰረቅሁ» ማለቱ አይቀርም።

ጥሩ ቅስቀሳ ምን ይመስላል? በቅርብ የሚታይ፣ የሚለካ ነገር ላይ ሲቆም ነው። ላሊበላ ለዚህ ምሳሌ አላት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸውን አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብና ከፀሐይ ይጠብቁ ተብለው፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትልልቅ መጠለያዎች ከላያቸው ተተክለው ነበር። ቆይቶ መጠለያዎቹ ራሳቸው ለቅርሱ አደጋ ሆኑ የሚል ስጋት ነገሠ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማዋ ሕዝብ «ቅርሳችን ይታደግልን» ብሎ አደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላ መጥተው አገራቸው ለጥገናው እንደምታግዝ ቃል ገቡ። ልብ በሉ፤ ጥያቄው የማን ወገን ነህ የሚል አልነበረም። ይህ ብረት ይነሣ ወይስ ይቆይ? ማን ይክፈል? መቼ? የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ላይ የሚከራከሩ ሁለት ዕጩዎች ተቃቅፈው መሄድ ይችላሉ። ክርክሩ «አንተ ማን ነህ?» ላይ ሲወርድ ግን አስታራቂ ሐሳብ ይጠፋል።

ሰማይ አይታረስ ከሚለው እስከ ኮሮጆ

አያቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። በ1923 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤት ቢያቋቁምም አንዱን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ ሌላውንም መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ፤ ገበሬው የለበትም። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የመምረጥ መብት ሰጠ። ሆኖም ፓርቲ አይፈቀድም፤ ዕጩ ለመሆንም ሀብት ያስፈልጋል። ላስታ ያኔ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ነበር፤ ባለ ሀብት ማለትም ከሞላ ጎደል ባለ ርስት ማለት ነው። ደርግ በ1979 ብሔራዊ ሸንጎ ሲያስመርጥ ደግሞ ፓርቲው የራሱ ኢሠፓ ብቻ ሆነ።

በኅዳር 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የብዙ ፓርቲ ምርጫ መሠረት ጣለ። የዚያ ዓመት ምርጫ ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ስለተቃወሙት አልተሳተፉበትም፤ የ1992ቱም ብዙ ሳይነገርለት አለፈ። ሦስተኛው ምርጫ ግን ሌላ ነበር።

የ1997ን ቅስቀሳ ያየ ሰው አይረሳውም። ተቃዋሚና ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ መሬት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ባሕር በር ሲሟገቱ አገር ሥራ ፈትቶ ሰማ። ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን ሞላ፤ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቅንጅት ሞላ። ከ25 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመዘገበ። ግንቦት 7 ቀን መራጭ ከሌሊት ጀምሮ ተሰለፈ። አዲስ አበባ 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮቿን ለቅንጅት ሰጠች። በአጠቃላይ ውጤት ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ሌላው ተቃዋሚ ኅብረት 52 ወንበር ያዙ።

ከዚያ ነገር ተበላሸ። በድምፅ መስጫው ዕለት ማታ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰላማዊ ሰልፍ ከለከሉ። ተቃዋሚዎች ቆጠራው ተጭበርብሯል አሉ። በሰኔና በተከታዩ ጥቅምት መንገድ ላይ ጥይት ተተኮሰ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን አባላት 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 የጸጥታ አባላት መገደላቸውን ቆጥረዋል። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። ከታሳሪዎቹ አንዷ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ፤ እኒሁ ሴት በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው የ2013ቱን ምርጫ መሩ።

ቀጥሎ የመጣው ጸጥታ ነው። በ2002 ከ547 ወንበር 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙ፤ ለተቃዋሚው መድረክ አንድ፣ ለግል ዕጩ አንድ ቀረ። በ2007 እነዚያም ሁለቱ ጠፉ። በቀጣዩ ዓመት ኦሮሚያና አማራ ክልል በተቃውሞ ተናወጡ። ፓርላማው ውስጥ ያልተሰማ ድምፅ መንገድ ላይ ተሰማ ማለት ነው።

ውጥረቱ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው «ፓርቲ ሲበዛ ጠብ ይበዛል» ይላል። እኔ ግን ነገሩን ከመሸነፍ ዋጋ አንጻር ነው የማየው። የላስታ ገበሬ ዕጩው ቢሸነፍ ምን ያጣል? ይህን ጥያቄ በሐቅ ከመለስን የውጥረቱን ምንጭ አገኘን።

መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የይዞታ ደብተሩን የሚሰጠው የመንግሥት ቢሮ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚመጣው በዚያው መስመር ነው። ሰሜን ወሎ በተደጋጋሚ ድርቅ የተጎዳ አካባቢ በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ ሴፍቲኔት በሚባለው የድጎማ ፕሮግራም ይታገዛል። ፕሮግራሙ የተጀመረው፣ እንደ አጋጣሚ፣ በዚያው በ1997 ነው። የድጎማ ስም ዝርዝር ውስጥ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለው የሚታየው በቀበሌ ነው። የተማረ ልጅ ሥራ የሚፈልገውም አብዛኛውን ጊዜ ከመንግሥት ነው።

እንግዲህ ቀበሌውን የያዘው ፓርቲ ከሆነ፣ ስሙ በተቃዋሚ ወረቀት ላይ የታየ ሰው «ነገ ማዳበሪያ ብጠይቅስ?» ብሎ መስጋቱ የሚጠበቅ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርት ዕርዳታና አገልግሎት ለፖለቲካ ድጋፍ ማስገኛ ውሏል ሲል ከሰሰ፤ መንግሥት ክሱን አስተባበለ። ክርክሩን ማንም ያሸንፍ፣ ፍርሃቱ ግን እውነት ነበር። ለአንድ ገበሬ በጓሮው ያለው ፍርሃት ከማንኛውም ሪፖርት ይበልጣል። በየመንደሩ የተዘረጋው አንድ ለአምስት አደረጃጀትም ለልማት ተብሎ ቢቋቋም፣ ጎረቤት የጎረቤቱን ልብ እንዲያውቅ መንገድ ከፈተ።

በሌላው ወገን ደግሞ ሥልጣን የያዘውም ይፈራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሙስና ያስተምራል እየተባለ ይወቀሳል። እኔ እንደ ምስክርነት ነው የምሰማው። ሹመት ዕድሜው አጭር፣ ሽረት መዘዙ ረጅም የሆነበት አገር የወለደው አባባል ነው። የተሻረ ሹም ቤት፣ መኪና፣ ጠባቂ ብቻ አያጣም፤ ነጻነቱን ያጣል፣ ይከሰሳል፣ ይሰደዳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ወንበሩን በሁለት እጁ ይይዛል። ያኛው ከገባ አይወጣም ብሎ የሚያምን ተፎካካሪም በሩን በኃይል ይገፋል። ሁለቱም ክፉ ሰዎች መሆን አያስፈልጋቸውም፤ ፍርሃታቸው ይበቃል።

ሦስተኛው ምንጭ የዳኛው ጉዳይ ነው። የምርጫ ጣቢያ ውስጥ ሥርዓቱ በቅርብ ሲታይ ቀላል ነው። ባዶ ኮሮጆ ለታዛቢዎች ይታያል፤ ይታሸጋል። መራጩ ካርዱን ያሳያል፤ ስሙ ከመዝገብ ይመሳከራል፤ ጣቱ ላይ ቶሎ የማይለቅ ቀለም ይቀባል። ማታ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ይቆጠራል፤ ውጤቱም ሕዝብ እንዲያየው ይለጠፋል። ዋናው መድኃኒት ይህች የተለጠፈች ወረቀት ናት። ጣቢያው በር ላይ ያየሁት ቁጥርና በሬዲዮ የሰማሁት ቁጥር አንድ ከሆነ አምናለሁ። የተቃዋሚ ታዛቢ ተባርሮ ከሆነ፣ ወረቀቷም ካልተለጠፈች፣ ቆጠራው ንጹሕ ቢሆን እንኳ «ኮሮጆ ተገለበጠ» የሚለውን ወሬ የሚያቆመው የለም።

የ45 ቀናት ርቀት

ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ በኮሮና ምክንያት ከ2012 ተላልፎ ሰኔ 14 ቀን 2013 ተካሄደ። ትግራይ አልመረጠችም፤ ጦርነት ላይ ነበረች። በሌሎችም አካባቢዎች በጸጥታ ችግር የቀሩ ምርጫ ክልሎች ነበሩ። በመጀመሪያው ዙር ውጤት ከተገለጸላቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410 አገኘ፤ ከተቃዋሚዎች የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ 5፣ ኢዜማ 4 ያዙ።

አገሪቱ ድምፅ ከሰጠች በ45ኛው ቀን፣ ሐምሌ 29፣ ላሊበላ በትግራዩ ጦርነት ከመንግሥት ጋር ይዋጉ በነበሩት የሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። አዲሱ ምክር ቤት ሥራውን የጀመረው መስከረም 24 ቀን 2014 ነው። እንደራሴዎች አዲስ አበባ ላይ እጃቸውን አንሥተው ሲምሉ ላሊበላ ስልክ፣ መብራትና ባንክ አልነበራትም። ከተማዋ በታኅሣሥ እስክትለቀቅ ድረስ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ፣ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ግጭት ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ላሊበላም ተኩስ ሰማች። አዋጁ እስከ 2016 ግንቦት ማብቂያ ገደማ ቆየ።

ይህን የምጽፈው አንባቢን ለማሳዘን አይደለም። ትምህርቱ ግልጽ ስለሆነ ነው። ምርጫ ጠብን ከጦር ሜዳ አውጥቶ ወደ ወረቀት የሚያመጣ መሣሪያ ነው። መሣሪያው እንዲሠራ ግን አስቀድሞ መንገዱ ክፍት፣ ቀስቃሹ ሳይሰጋ የሚያድርበት ቤት፣ መራጩም ካርዱን በኪሱ ይዞ ሳይፈራ የሚያልፍበት ኬላ ሊኖር ይገባል። ምርጫ ቦርድ ሰባተኛውን ጠቅላላ ምርጫ ለ2018 ዓ.ም. ቆርጦ ነበር። ቀን መቁረጥ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ጋሸና ላይ መንገድ ሲዘጋ ቀኑ ብቻውን ዕጩ አያደርስም።

ዙፋን ማስረከብን የሚያውቅ አገር

ሌላው ዓለም እንዴት አለፈው? ጋና እ.ኤ.አ. በ2008 ለፕሬዚዳንትነት ሁለተኛ ዙር ስትመርጥ ልዩነቱ ከ41,000 ድምፅ ያነሰ ነበር። ታይን የምትባል አንዲት ምርጫ ክልል ዘግይታ እስክትመርጥ አገር ትንፋሹን ዋጠ። በመጨረሻ የገዥው ፓርቲ ዕጩ ናና አኩፎ አዶ ሽንፈቱን ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ2012ም ተሸነፉ፤ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ሲረቱም ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 አሸነፉ። ተሸናፊው ስምንት ዓመት የሚያድርበት ቤት ነበረው ማለት ነው። ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ የተከራከረችበት ውጤት ከ1,000 በላይ ሰው አስከፈላት፤ ከዚያ ሕገ መንግሥቷን እንደገና ጻፈች።

እኛ ግን ጋና ድረስ ሳንሄድ ከላሊበላ ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ብንወጣ ይበቃናል። እዚያ ዋሻ ሥር የነዓኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1262 ዓ.ም. የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ዘውዱን ለይኩኖ አምላክ ሲለቅ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ሁለት ትውፊት ይነገራል። በአንዱ፣ ነዓኩቶ ለአብ በሽምግልና ተስማምተው ዙፋኑን ለቀቁ። በሌላው፣ የመጨረሻው ንጉሥ ይትባረክ በጦር ተሸንፈው ጋይንት ላይ ተገደሉ። የታሪክ ሊቃውንት ይከራከሩበት። ለዛሬው ጉዳያችን የሚበቃው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የተሸነፈው ቤት አልጠፋም። የዛጉዌ ዘሮች ዋግ ሹም ተብለው፣ በማዕረግና በክብር፣ እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን ድረስ በአገራቸው ኖሩ። የተሸናፊ ማደሪያ ማለት ይህ ነው። በዘመናችን ቋንቋ ስንተረጉመው፦ ከምርጫ በኋላ ሥራውን የማያጣ መምህር፣ ከሴፍቲኔት የማይሰረዝ ገበሬ፣ የማይታሰር ዕጩ፣ በፓርላማም ጥያቄው የሚመዘገብለት ጥቂት ወንበር።

ሕግ አውጪና መንግሥት የሚሠሩት ሥራ አለ። አንባቢም የሚሠራው አለ። ቀስቃሽ ቤትዎ ሲመጣ ቡናውን ያጠጡት፤ ምርቃቱንም አይንፈጉት። ከበረካው በፊት ግን ሦስት ነገር ይጠይቁት። ለየትኛው ምክር ቤት ነው የምትወዳደረው? በዚያ ምክር ቤት ልታደርገው የምትችለው አንድ የሚለካ ነገር ምንድን ነው? ብትሸነፍስ ምን ታደርጋለህ? ሦስተኛውን ጥያቄ ሰምቶ ከሳቀ ወይም ከተቆጣ፣ ምልክቱ ንብም ይሁን አምፖል፣ መልሱን አግኝተዋል። «እቤቴ ገብቼ ለሚቀጥለው እዘጋጃለሁ» ያለዎትን ግን በደንብ ያስታውሱት። እንዲህ ያለ ሰው ቢያሸንፍ አያስፈራም።